የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የፒያኖ አውታር ለምን ይበጠሳል?

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የሙዚቃ መምህር ነኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገለ ቋሚ ፒያኖ አለን። ባለፈው አንድ ዓመት ብቻ አምስት አውታሮች ተበጥሰውብናል። አራቱ የተበጠሱት በልምምድ ላይ ሲሆን፣ ሁሉም ከመሀል ወደ ቀኝ ባለው ቀጭን ድምፅ በሚሰጠው ክፍል ናቸው፤ ከእነሱም አንዱ በአዲስ ከተተካ በኋላ በስምንተኛው ወር ዳግመኛ ተበጠሰ። አምስተኛው የተበጠሰው ግን ባለሙያው እየቃኘው ሳለ ነው። አንዱ ባለሙያ «አውታሩ አርጅቷል» ሲለን ሌላው «ተማሪዎቻችሁ ይደበድቡታል» አለን፤ አስተዳደሩ ደግሞ ጥፋቱን በቃኚው ላይ ይጥላል። ከሦስቱ የማንን እንመን?

መልስ፦ የተበጠሱትን አውታሮች ቁርጥራጭ ካልጣላችኋቸው፣ ከሦስቱ ተከራካሪዎች ይልቅ የታመኑ ምስክሮች እነሱ ናቸው። ከጣላችኋቸውም ፒያኖው ራሱ ብዙ ምልክት ይዞ ስለሚቆይ ተስፋ አይቁረጡ።

አስቀድሞ አውታሩ የተሸከመውን ሸክም ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ፒያኖ እንደ አሠራሩ ከ220 እስከ 230 ያህል አውታሮች አሉት፤ በወፍራም ድምፅ ክፍል ለአንድ ቁልፍ አንድ ወይም ሁለት፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ሦስት ሦስት ይመደባሉ። እያንዳንዱ በአማካይ ከ70 እስከ 90 ኪሎ ግራም በሚደርስ ኃይል ተወጥሮ ይኖራል። የሁሉም ውጥረት ሲደመር 18 ቶን አካባቢ፣ በአንዳንዶቹም 20 ቶን ስለሚደርስ ነው ያ ከባድ የብረት ክፈፍ ያስፈለገው። አውታሩ የተሠራው ካርቦን ከበዛበት አረብ ብረት ሲሆን፣ በላይኛው ክፍል ሊሸከም ከሚችለው የመጨረሻ ኃይል ስድሳ በመቶ ያህሉን ሌት ተቀን ተሸክሞ ይውላል። ይህ ብዙ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ጤነኛ አውታር በመወጠሩ ብቻ አይበጠስም፤ ሃምሳና ስድሳ ዓመት ሳይበጠሱ የኖሩ አውታሮች ያሏቸው ፒያኖዎች ጥቂት አይደሉም። አውታር የሚበጠሰው ያንን የቀረውን አርባ በመቶ አቅም አንድ ነገር ቀስ በቀስ ሲበላው ነው፤ ምን እንደበላው የሚታወቀውም በመጀመሪያ ከተበጠሰበት ቦታ ነው።

የአውታሩን መንገድ ከላይ ወደ ታች እንከተለው። በመቃኛው ፒን ላይ ሦስት ዙር ያህል ተጠምጥሞ ይነሣል፤ ቀጥሎ አንድ የብረት ዘንግ ወደ ውስጥ ይጫነውና በክፈፉ ላይ ባለ ሾጠጥ ያለ ጠርዝ ላይ ታጥፎ ያልፋል፤ ከዚህ ጠርዝ በኋላ በነፃነት የሚርገበገበው ክፍል ይመጣል፤ መጨረሻም የበገና ደርዳሪዎች በርኩማ ከሚሉት ጋር አንድ ሥራ ባለው እንጨት ላይ አልፎ በታችኛው መያዣ ችንካር ላይ ይታሰራል። ከእነዚህ ቦታዎች እያንዳንዱ የራሱ የሆነ የአበጣጠስ ባሕርይ አለው።

በልምምድ ላይ የተበጠሱት አራቱ አውታሮች የተቆረጡት ያ ሾጠጥ ያለ ጠርዝ ላይ፣ ወይም ከእሱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ እንደሚሆን እገምታለሁ። ጉጠት የሌለው ሰው ሽቦ መቁረጥ ሲፈልግ ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ ያጥፈዋል፤ ሽቦው በመጀመሪያው እጥፋት አይሰበርም፤ በአሥረኛው ወይም በሃያኛው ግን ያለ ብዙ ኃይል ይለያያል። በፒያኖው ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። ቁልፉ ሲነካ የሚነሣው ትንሽ መዶሻ አውታሩን በመታ ቁጥር የተነሣው ሞገድ ወደ ጠርዙ ሮጦ አውታሩን እዚያው ቦታ ላይ በጥቂቱ ያጥፈዋል። እጥፋቱ በዓይን የማይታይ ቢሆንም በመቶ ሺህና በሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገም ከአውታሩ ገጽ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ይከፈታል፤ ስንጥቁም በየምቱ ወደ ውስጥ እየዘለቀ ይሄዳል። መሐንዲሶች ይህን የብረት ድካም ይሉታል። በላይኛው ክፍል መዶሻው የሚመታው ከጠርዙ በጣም ቀርቦ ስለሆነ ድካሙ እዚያ ይበረታል፤ ስለዚህ ከአምስት አራቱ በዚህ ክፍል መበጠሳቸው አያስገርምም።

ባለሙያው ግምቱን የሚያረጋግጠው የተቆረጠውን ጫፍ በአጉሊ መነጽር በማየት ነው። በድካም የተሰበረ ጫፍ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ይመስላል፤ አውታሩ አልቀጠነም፤ በገጹም ላይ ሁለት መልክ ይታያል። አንደኛው ስንጥቁ ለወራት የተጓዘበት ለስላሳና ደብዘዝ ያለ ክፍል ሲሆን፣ ሌላው በመጨረሻው ቅጽበት የተገነጠለው ሻካራ ክፍል ነው። ከአቅሙ በላይ ተስቦ የተበጠሰ አውታር ግን ከመለያየቱ በፊት ስለሚለጠጥ ጫፉ ይቀጥናል። ዝገት የበላውም ከተቆረጠበት ቦታ አጠገብ በትናንሽ ጉድጓዶች የተነደለ ሆኖ ይገኛል።

ታዲያ ድካሙን እንዲህ ያፋጠነው ምንድን ነው? ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ፤ ጠርዙና መዶሻው። ጠርዙ ለብዙ ዓመታት በአውታር ሲፈተግ ይቦረቦራል፤ አውታሩም በተቦረቦረው ቦይ ውስጥ ተነክሶ ይቀመጣል። በዚያ ቦይ ላይ አዲስ አውታር መግጠም፣ ጎማ የበሳውን ሚስማር ሳይነቅሉ አዲስ ካላማዳሪ እንደ መክተት ያለ ነው። በስምንት ወር ውስጥ ዳግመኛ የተበጠሰው አውታራችሁ በጣም የሚያጠራጥረኝ በዚህ ነው፤ ስምንት ወር የሆነው አውታር አርጅቷል ሊባል አይችልም።

መዶሻውም የራሱ ታሪክ አለው። የፒያኖ መዶሻ በእንጨት ላይ በብርቱ ታምቆ የተለጠፈ ሱፍ ነው። አረብ ብረት ላይ ለዓመታት ሲያርፍ ሱፉ ይጠነክራል፤ ጫፉ ይደፈጠጣል፤ አውታሮቹ ያረፉበትም ቦታ እንደ ቦይ ይቦረቦራል። እንዲህ ያለው መዶሻ አውታሩን የሚመታው እንደ ሱፍ ሳይሆን እንደ እንጨት ስለሆነ ድምፁ ይሾልና ጆሮ ይወጋል፤ ምቱም ድንገተኛና ጠንካራ ይሆናል። መዶሻው ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ከሦስቱ አውታሮች ሁለቱን ብቻ የሚያገኝ ከሆነ ደግሞ ለሦስት የታሰበው ምት በሁለቱ ላይ ይወድቃል። በቀላሉ የማይታየው ሌላው ጉድለት የመዶሻው መላቀቂያ ነው። ጣት ቁልፉን ሲጫን መዶሻው እስከ አውታሩ ድረስ እየተገፋ አይሄድም፤ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ሲቀረው ከገፊው ይላቀቅና የቀረውን መንገድ በራሱ ፍጥነት ጨርሶ፣ መትቶ ወዲያው ይመለሳል። ይህ ርቀት ከጠፋ መዶሻው በአውታሩ ላይ ተጭኖ ስለሚቀር ድምፁ ይታፈናል፤ በብርቱ ሲጫወቱትም አውታሩና የመዶሻው እጀታ ሁለቱም ይጎዳሉ።

አሁን ወደ ተማሪዎቹ ልምጣ። በብርቱ መምታት ድካሙን እንደሚያፋጥነው አልክድም። የሀንጋሪው ፒያኖ ተጫዋች ፍራንዝ ሊስት በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ በየመድረኩ አውታር በመበጠስ የታወቀ ነበር፤ ነገር ግን የዚያ ዘመን ፒያኖዎች አብዛኞቹ ክፈፋቸው በእንጨት ላይ የተመሠረተ፣ አውታራቸውም ዛሬ ከምናውቀው የቀጠነና የደከመ ነበር። ፒያኖ ሠሪው አልፊየስ ባብኮክ በአሜሪካ ቦስተን ለአንድ ወጥ የብረት ክፈፍ የፈጠራ መብት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1825 ቢሆንም አሠራሩ በየአገሩ እስኪለመድ አሥርት ዓመታት ወስዷል፤ ጠንካራው የአረብ ብረት አውታርም የተስፋፋው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ነው። የዛሬው ፒያኖ ለብርቱ እጅ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ተማሪ በመምታቱ ብቻ በዓመት አምስት አውታር ሊበጥስ አይገባም። ከዚህም በላይ እኔ እንዳየሁት ሰው ፒያኖ የሚደበድበው አብዛኛውን ጊዜ ፒያኖው ስለማይታዘዝለት ነው። የመላቀቂያው ልክ ሲዛነፍ፣ የቁልፉ ጉዞ ሲያጥር ወይም መሣሪያው ያለ ድምፅ ማጉያ ከከበሮና ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋር ሲፎካከር፣ ተጫዋቹ ያጣውን ድምፅ በጉልበት ለመተካት ይሞክራል። ስለዚህ ተማሪውን ከመቆጣት በፊት ለስለስ ብሎ ሲጫወት ፒያኖው ይሰማው እንደሆነ አስተውሉ።

በቅኝት ጊዜ የተበጠሰው አምስተኛው አውታር ከአራቱ ተለይቶ መታየት አለበት። እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የሚቆረጠው በመቃኛው ፒን ጥምጥም ላይ ወይም ጥምጥሙን ለቆ በሚወጣበት ቦታ ነው። ምክንያቱ በአመዛኙ ዝገት ሲሆን፣ ለዓመታት ሳይቃኝ ቆይቶ በአንድ ቀን ወደ ልኩ መሳቡም ይጨመርበታል። በመሀል ያለው «ላ» የተባለው ድምፅ አውታር በሰከንድ 440 ጊዜ እንዲርገበገብ ይጠበቃል። ፒያኖው ከዚህ በግማሽ ድምፅ፣ ማለትም በአንድ ቁልፍ ልዩነት ያህል፣ ወርዶ ከተገኘ፣ ወደ ልኩ ሲመለስ የእያንዳንዱ አውታር ውጥረት በ12 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ምክንያቱም ውጥረቱ የሚያድገው ከአውታሩ መርገብገብ ፍጥነት ጋር እኩል ሳይሆን በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። ዝገት ከጠርዙ ጋር ያጣበቀው አውታር ደግሞ ፒኑ ሲዞር ወዲያው አይንሸራተትም፤ ጭማሪው በሙሉ በፒኑና በጠርዙ መካከል ባለችው አጭር ክፍል ላይ ይከማቻል። ይህን የሚያውቅ ቃኚ ከመሳቡ በፊት አውታሩን በጥቂቱ ያላላዋል፤ «ጠቅ» የምትል ድምፅ ስትሰማ ዝገቱ እንደለቀቀ ያውቅና ቀስ እያለ ይስበዋል። የእናንተ ባለሙያ እንዲህ አድርጎ ከተበጠሰበት ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ አውታሩ ያለቀው እሱ ከመምጣቱ በፊት ነው። ሳያላላ በአንድ ትንፋሽ ስቦት ከሆነ ግን አስተዳደሩ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ለማለት አልደፍርም።

በበርኩማው ወይም በታችኛው ችንካር ላይ መበጠስ ብዙም አያጋጥም፤ ሲያጋጥም ሲገጠም በጉጠት የተነከሰ ወይም የተቆለመመ አውታር ነው። በመዳብ የተጠመጠሙት ወፍራሞቹ የሚበጠሱት ደግሞ መዳቡ በማይሸፍነው ራቁት ጫፍ ላይ ነው።

ቦታው ከታወቀ በኋላ ባለሙያው ስርጭቱን ያያል። በፒያኖው ሁሉ ተበታትነው ከተበጠሱ ዝገትና ዕድሜ ይጠረጠራሉ። በአንድ ሰፈር ከተከማቹ የዚያ ሰፈር ጠርዝና መዶሻ፣ አንዱ ቁልፍ ብቻ ደጋግሞ ከበጠሰ የዚያው ቁልፍ ጉድለት ይፈለጋል። ቀጥሎ የመዶሻዎቹን ክፍል ከፒያኖው አውጥቶ የቦዮቹን ጥልቀት ያያል፤ አውታሩን አላልቶ ጠርዙን በጥፍሩ ይዳስሳል፤ የጎረቤት አውታሮችን ውፍረት በማይክሮሜትር፣ ማለትም ስስ ውፍረት በሚለካ መሣሪያ፣ ይለካል፤ የቅኝቱን ከፍታም ይመዘግባል፤ ከዚህ ቀደም የተሳሳተ ውፍረት ያለው አውታር ተገጥሞ ወይም ፒያኖው ከልኩ በላይ ተቃኝቶ መገኘቱ ያጋጥማልና።

የአዲስ አበባ አየርም የራሱ ድርሻ አለው። በክረምት እርጥበት የአውታሮቹን ድምፅ የሚያጎላው የድምፅ ሰሌዳ እንጨት አብጦ አውታሮቹን ይገፋል፤ ቅኝቱም ከፍ ይላል፤ በበጋ ደርቆ ይወርዳል። ይህ መውጣትና መውረድ ብቻውን አውታር አይበጥስም፤ እርጥበቱ ግን ዝገቱን ይመግባል፤ ፒያኖው በመስኮት ሥር ከቆመ ወይም ወለሉ ዘወትር በውኃ የሚታጠብ ከሆነ ይበልጡን።

ለእናንተ የምመክረው ስድስተኛው አውታር ከመገጠሙ በፊት በዚያ ክፍል ያለው ጠርዝ እንዲስተካከልና እንዲለሰልስ፣ የመዶሻዎቹ ሱፍ በልኩ ተሞርዶ ቅርጹ እንዲመለስ፣ መላቀቂያውም እንዲቃና ነው። የመዶሻው ሱፍ ለመሞረድ የማይተርፍ ከሆነ መዶሻዎቹን መተካት ይሻላል። የአንድ አውታር ዋጋ ከዚህ ሁሉ ሥራ ጋር አይወዳደርም፤ ነገር ግን በየሁለት ወሩ ባለሙያ መጥራትም ዋጋ አለው።

ጥያቄ፦ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነዋሪ ነኝ፤ ለልጆቼ ያገለገለ ፒያኖ ገዛሁ። አንድ አውታር ሁለት ጊዜ ስለተበጠሰብኝ ባለሙያውን ወፈር ያለ አውታር እንዲያስገባልኝ ብለምነው እንቢ አለኝ። ወፍራም ሽቦ ከቀጭን አይጠነክርም እንዴ?

መልስ፦ ይጠነክራል፤ ሆኖም ባለሙያዎ ያደረጉት ትክክል ነው። ርዝመቱ ሳይለወጥ ያንኑ ድምፅ እንዲሰጥ የሚፈለግ ወፍራም አውታር ክብደቱ ስለሚጨምር፣ በዚያው መጠን ይበልጥ መወጠር አለበት። የአውታሩ ወርድ በእጥፍ ቢያድግ የመሸከም አቅሙም፣ የሚያስፈልገው ውጥረትም አብረው አራት እጥፍ ይሆናሉ፤ አውታሩ ለመበጠስ ያለው ቅርበት በተግባር ያው ይሆናል። የአንድ አውታር ብረት ምን ያህል እንደሚጨነቅ የሚወስኑት ርዝመቱና የድምፁ ከፍታ እንጂ ውፍረቱ አይደለም። እንዲያውም ቀጭን ሆኖ የተሳበ አረብ ብረት በእያንዳንዱ ስኩዌር ሚሊ ሜትር ከወፍራሙ በመጠኑ ስለሚበልጥ፣ እርስዎ የጠየቁት መፍትሔ ጥቂትም ቢሆን ወደ መበጠስ የሚያቀርብ ነው። በዚያ ላይ ወፍራሙ ይበልጥ ግትር ስለሆነ ከሁለቱ ጎረቤቶቹ ጋር ድምፁ አይዋሃድም።

በገና የሚያውቁ አንባቢያን እዚህ ላይ ሊከራከሩኝ ይችሉ ይሆናል። የበገና አሥሩ አውታሮች ርዝመታቸው ስለሚቀራረብ የድምፃቸው ልዩነት በአብዛኛው የሚመጣው ከጅማቱ ውፍረትና ከመወጠሪያው ነው፤ እዚያ ውፍረትን መምረጥ የቅኝቱ አንድ አካል ነው። በፒያኖ ግን ርዝመቱም ውፍረቱም አስቀድሞ በሠሪው ተሰልቶ ያለቀ ነገር ነው። ከፍተኛዎቹ አውታሮች በብዙ ፒያኖዎች 0.775 ወይም 0.800 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላቸው፤ ከዚያ ወደ ታች በ0.025 ሚሊ ሜትር ልዩነት እየጨመሩ ይሄዳሉ። ይህ ልዩነት በጣት ስለማይታወቅ ነው ባለሙያው ያለ ማይክሮሜትር አውታር የማይገጥመው።

ሁለት ጊዜ የበጠሰውን ምክንያት ጠርዙ ላይ ወይም መዶሻው ላይ ይፈልጉለት። አዲሱ አውታር ከተገጠመ በኋላ ለወራት እየተለጠጠ ድምፁ መውረዱም ጉድለት አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲቃኝ አስቀድመው ከባለሙያው ጋር ይስማሙ። የተበጠሰው በመዳብ የተጠመጠመ ወፍራም አውታር ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ ተተኪው በልኩ ተጠምጥሞ መሠራት ስላለበት ጊዜ ይወስዳል። የተቆረጠው ከመዳቡ ውጪ ባለው ጫፍ ላይ ከሆነ፣ እጁ የሠለጠነ ባለሙያ አዲስ ሽቦ በቋጠሮ ቀጥሎ የቀድሞውን አውታር ከነድምፁ ሊያድነው ይችላል። ቋጠሮውን ያየ ደንበኛ ብዙ ጊዜ እንደ ቅሽም ሥራ ይቆጥረዋል፤ እኔ ግን ከጎረቤቱ ጋር ከማይስማማ አዲስ አውታር ይልቅ በደንብ የተቋጠረውን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሜ ማታ በልምምድ ላይ አውታር ቢበጠስ፣ ባለሙያ እስኪገኝ እሑድ ጠዋት በፒያኖው መጫወት ይቻላል? ሌሎቹስ አይከተሉም?

መልስ፦ ይቻላል። የአንድ አውታር መላላት ከጠቅላላው ውጥረት ትንሽ ስለሆነ ክፈፉን አይጎዳም፤ ሌሎቹም በዚያ ምክንያት አይበጠሱም። በብዙ ፒያኖዎች አንድ ሽቦ በታችኛው ችንካር ዞሮ ሁለት አውታር ስለሚሆን አንዱ ሲበጠስ ጥንዱም አብሮ ይላላል፤ ይህን አይታችሁ ሁለት ተበጠሰ ብላችሁ አትደንግጡ። የተንጠለጠለው ቁራጭ ከመዶሻዎቹ መካከል ገብቶ እንዳይቆለፍ፣ ጎረቤቶቹንም እየነካ እንዳያንዛርር ቀስ ብላችሁ አውጡት፤ ጫፉ ስለሚወጋ ጓንት አድርጉ፤ ፊታችሁንም አታቅርቡ። የላላውን ጥንድ በስስ ጨርቅ አፍኑት። በመቃኛው ፒን ላይ የቀረውን ጥምጥም ግን አትንኩት፤ ባለሙያው ሊያየው ይፈልጋል። በዚያ ቁልፍ ላይ የቀሩት አውታሮች የሙሉውን ምት ስለሚሸከሙ፣ መዶሻውም ወደ አንድ ወገን ብቻ ስለሚበላ፣ ለአንድ እሑድ የተፈቀደውን ለስድስት ወር አታድርጉት። ያወጣችሁትን ቁራጭ በፖስታ ውስጥ አስገቡት፤ በላዩም ላይ የቁልፉን ቁጥር ከግራ ቆጥራችሁ፣ ቀኑንና የተበጠሰው በጨዋታ ይሁን በቅኝት ጽፋችሁ ባለሙያው እስኪመጣ በፒያኖው ክዳን ሥር አኑሩት።